ያልጠየቅሁት የይለፍ ቃል መቀየሪያ ኢሜይል ከኦንላይን መደብር ሲመጣ ምን ላድርግ?

ብራና (ጥያቄ)

ባለፉት አራት ቀናት ውስጥ፣ ለረጅም ጊዜ ዕቃ ስገዛበት ከቆየሁት አንድ የኦንላይን መደብር የመጡ የሚመስሉ ሦስት ኢሜይሎች ደርሰውኛል። ሦስቱም ስለ ይለፍ ቃል የሚናገሩ ናቸው። እኔ ግን የይለፍ ቃሌ እንዲቀየርልኝ አልጠየቅሁም፤ እንዲያውም ወደ አካውንቴ ከገባሁ ከሁለት ወር በላይ ሆኖኛል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቁርጥ አንድ ናቸው። «የይለፍ ቃልዎን ለመቀየር ጥያቄ ደርሶናል፤ የማረጋገጫ ቁጥርዎ የሚከተለው ነው፤ ጥያቄውን ያቀረቡት እርስዎ ካልሆኑ ይህን መልዕክት ችላ ይበሉት» ይሉና ከሥር ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ያስቀምጣሉ። የሚጫን ሊንክ የላቸውም። አንዱ የመጣው ሌሊት 9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ሲሆን ሌላኛው በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። ሦስተኛው ግን ለየት ይላል። ርእሱ «በአካውንትዎ ላይ አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ታይቷል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ይዘጋል» የሚል ነው፤ መሃሉ ላይ የሚጫን ትልቅ ቢጫ ቁልፍ አለ፤ በላኪው አድራሻ ውስጥ የመደብሩ ስም ቢኖርም ከስሙ ቀጥሎ ሰረዝና «ሴኪዩር» የሚል ቃል ገብቶበታል። አርማው፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ ከግርጌ ያለው የመብት ማስታወቂያ ሳይቀር ከዚህ ቀደም ከመደብሩ ይደርሱኝ ከነበሩት ኢሜይሎች ጋር አንድ ነው።

ከሦስቱ የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ሐሰተኛ እንደሆነ በምን ልለይ? ሦስተኛውን ከፍቼ አንብቤዋለሁ፤ ቁልፉን ግን አልተጫንኩም። መክፈቴ ብቻውን ጉዳት ያመጣል? አካውንቱ ላይ የባንክ ካርዴ ስለተመዘገበ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት ላይኖረው ይችላል እንጂ፣ ሁለተኛው ኢሜይል በደረሰኝ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ «ከመደብሩ የደንበኞች አገልግሎት ነው የምደውለው» ያለ ሰው ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ስሜን አስተካክሎ ጠራኝ፤ «አካውንትዎን ለመክፈት ሙከራ ስለተደረገ ልንሰርዝልዎ ነው» ብሎ ሳይጨርስ የስልኬ ባትሪ አልቆ ተቋረጠ። ተመልሶ ደውሎ ይሆናል፤ ስልኬ ግን እስከ ማታ ዝግ ነበር።

ዝግታ

ሦስቱንም ያጥፏቸውና ይርሷቸው። ኢሜይሉ ራሱ «እርስዎ ካልሆኑ ችላ ይበሉት» ብሎ የለ? እኔ በዓመት ውስጥ ደርዘን የሚሆኑ እንዲህ ያሉ መልዕክቶች ይደርሱኛል፤ እስከ ዛሬ አንድም አካውንት አልተወሰደብኝም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው፣ የእርስዎን የሚመስል አድራሻ ያለው ሌላ ሰው አንድ ፊደል ተሳስቶ ሲጽፍ ነው። ሊንክ አለመጫንና ቁጥሩን ለማንም አለመስጠት በቂ ነው፤ ከዚህ ያለፈው ራስን ማስጨነቅ ይመስለኛል። ኢሜይሉን መክፈት ደግሞ ብቻውን ምንም አያመጣም።

የሌሊት ተረኛ

ሥራዬ የኢሜይል ሰርቨሮችን ማስተዳደር ስለሆነ ይህን መሰል ጥያቄ በየጊዜው ይቀርብልኛል፤ ጠያቂውን የሚያስጨንቀውም አብዛኛውን ጊዜ ሐሰተኛው ኢሜይል ነው። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ግን ሦስተኛው ኢሜይል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ ከእነርሱም ይበልጥ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የጠቀሱት የስልክ ጥሪ ነው። ዝግታ ያሉት የአድራሻ ስህተት በእርግጥ ያጋጥማል፤ ጥሪው ባይኖር ኖሮ እኔም እንደዚያ እገምት ነበር። አድራሻውን ተሳስቶ የጻፈ ሰው ግን የእርስዎን ስልክ ቁጥር ፈልጎ አይደውልም።

እንደሚመስለኝ የሆነው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ስምዎን፣ ኢሜይልዎንና ስልክ ቁጥርዎን ከሆነ ቦታ አፈትልኮ ከወጣ መረጃ ውስጥ አግኝቷል። የይለፍ ቃልዎን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ በቀጥታ ይገባ ነበር እንጂ መቀየሪያ አይጠይቅም። ስለዚህ ወደ መደብሩ መግቢያ ገጽ ሄዶ ኢሜይልዎን ይጽፍና «የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ» የሚለውን ይጫናል። መደብሩም እንደ ደንቡ ስድስት አሃዝ ያለውን ቁጥር ወደ እርስዎ ይልካል። ይህ ኢሜይል በሁሉም መለኪያ እውነተኛ ነው፤ የላከውም መደብሩ ራሱ ነው። ሰውየው የጎደለው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው ያለው። ያን ጊዜ ይደውልና «ሙከራውን ለመሰረዝ አሁን በኢሜይል የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። እርስዎም ኢሜይሉን ሲያዩ ከትክክለኛው የመደብሩ አድራሻ የመጣ ሆኖ ስለሚያገኙት የደዋዩን ንግግር የሚያረጋግጥልዎ ይመስልዎታል። ባትሪዎ ያለቀው ጥያቄው ሊቀርብልዎ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ ይመስለኛል። «እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ በዚህ ዓይነቱ ማጭበርበር ኢሜይሉ እውነተኛ መሆኑ ራሱ መሣሪያው ነው። ለእነዚህ ለሁለቱ ኢሜይሎች መጠየቅ ያለበት «ይህ ኢሜይል እንዲላክ ያደረገው ማን ነው?» የሚለው ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ላኪው ላይ የሚታየው ስም ምንም ዋስትና አይሆንም። ኢሜይል እስከ ዛሬ የሚጓጓዝበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥበት መንገድ አልነበረውም፤ በፖስታ ጀርባ ላይ ማንም የፈለገውን ስም እንደሚጽፈው ማለት ነው። በኋላ ላይ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የሚባሉ ማረጋገጫዎች ተጨመሩበት፤ ጂሜይልና ያሁም ከ2024 የካቲት ጀምሮ ኢሜይል በጅምላ የሚልኩ ድርጅቶች እነዚህን እንዲያሟሉ አስገድደዋል። ጂሜይል የሚጠቀሙ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ መልዕክቱን ከፍተው፣ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭነው፣ ኦሪጅናሉን የሚያሳየውን ትእዛዝ ሲመርጡ ሦስቱም ማረጋገጫዎች «ፓስ» ወይም «ፌይል» ተብለው ተጽፈው ያገኟቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ፓስ» ማለት መልዕክቱ በእርግጥ ከዚያ ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ከ«@» ምልክት ቀጥሎ ካለው ስም) ተልኳል ማለት እንጂ ዶሜይኑ የመደብሩ ነው ማለት አይደለም። አጭበርባሪው የመደብሩን ስም፣ ሰረዝና «ሴኪዩር» የሚል ቃል አያይዞ የራሱን ዶሜይን ካስመዘገበ፣ በዚያ ዶሜይን ላይ ሦስቱንም ማረጋገጫዎች በትክክል ማዘጋጀት ይችላል፤ ውጤቱም «ፓስ» ይሆናል። ስለዚህ ዶሜይኑን በዓይን ማንበብ ግድ ነው። በኮምፒውተር ከሆነ ሳይጫኑ አይጡን ቁልፉ ላይ ያሳርፉ፤ በስልክ ከሆነ ጣትዎን ተጭነው ያቆዩትና አድራሻው ሲወጣ ያንብቡት። ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። «ኤችቲቲፒኤስ» ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን ሁለት እዝባሮች (//) ይለፉና ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ነጠላ እዝባር (/) ይፈልጉ፤ ከእርሱ ወደ ግራ ሲመለሱ «ዶት ኮም» የሚለውንና ከዚያ በፊት ያለውን አንድ ቃል ያገኛሉ። የዶሜይኑ ባለቤት የሚታወቀው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ከእነርሱ በስተግራ በነጥብ ተለይቶ የተደረደረው ሁሉ፣ የመደብሩ ስም እንኳ ቢሆን፣ ባለቤቱ እንዳሻው የሚጽፈው ነው። እንደ «ዶት ኮ ዶት ዩኬ» ያሉ ባለሁለት ክፍል መጨረሻዎች ሲያጋጥሙ አንድ ቃል ወደ ግራ መጨመር ነው። ሰረዝ ደግሞ ነጥብ አይደለም፤ በሰረዝ የተያያዘው ሁሉ አንድ ስም ነው። በመሆኑም የእርስዎ ባለ«ሴኪዩር» አድራሻ የመደብሩ ቅርንጫፍ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሌላ ስም ነው። አንዳንድ ድርጅቶች እንዲህ ዓይነት ተጨማሪ ዶሜይን በራሳቸው ስም ማስመዝገባቸው አልቀረም (ደንበኛን ለማደናገር ካልሆነ ለምን እንደሚያደርጉት አይገባኝም)፤ ይሁንና የ24 ሰዓቱ ማስፈራሪያ ሲታከልበት እኔ በሐሰተኛነቱ አልጠራጠርም።

ዓይንም ቢሆን ይታለላል። ሩሲያኛ በሚጻፍበት በሲሪሊክ ፊደል የሚጻፈው «አ» ከላቲኑ ጋር ቅንጣት ልዩነት አይታይበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ተመራማሪ ሲሪሊክ ፊደላትን ብቻ ተጠቅሞ የአፕልን አድራሻ የሚመስል ዶሜይን አስመዝግቦ በክሮምና በፋየርፎክስ ላይ ልዩነቱ እንደማይታይ አሳይቷል። ክሮም ከዚያ በኋላ አሠራሩን አስተካክሏል። ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የሚታየው የቁልፍ ጓጉንቸር ምልክትም ግንኙነቱ የተመሰጠረ መሆኑን ብቻ ነው የሚናገረው፤ አጭበርባሪውም ያለ ምንም ክፍያ ያገኘዋል። ሰዎች ምልክቱን የታማኝነት ማኅተም አድርገው ስለሚያዩት ክሮም በ2023 በሌላ ምልክት ተክቶታል።

ለዚህ ሁሉ አቋራጩ ኢሜይሉን ትቶ በራስ መንገድ መሄድ ነው። የመደብሩን አፕ ይክፈቱ ወይም አድራሻውን በእጅዎ ይጻፉ። ኢቤይ አካውንትን በሚመለከት የሚልከውን መልዕክት ቅጂ በአካውንቱ የመልዕክት ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፤ አማዞንም በአካውንቱ ውስጥ የላካቸው መልዕክቶች የሚታዩበት ማዕከል አለው። የእርስዎም መደብር ተመሳሳይ ነገር ካለው ሦስቱን ኢሜይሎች ከዚያ ጋር ያስተያዩ። ኢሜይሉን መክፈትዎን በተመለከተ ዝግታ ያሉት በአብዛኛው ልክ ነው፤ ሊሆን የሚችለው፣ በመልዕክቱ ውስጥ የተሸሸገ ምስል ካለ አድራሻዎ በሥራ ላይ መሆኑን ላኪው መረዳቱ ነው። ይህም ቢሆን ምናልባት ተጨማሪ ቆሻሻ መልዕክት ያመጣብዎ ይሆናል እንጂ አካውንትዎን አያስወስድም።

መዝገብ

«ያጥፏቸውና ይርሷቸው» የሚለውን ምክር እኔም ለዓመታት ተከትየዋለሁ፤ ዋጋ አስከፍሎኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስነሣ በኢሜይል ሳጥኔ ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ አዳዲስ መልዕክቶች ተጠራቅመው አገኘሁ። ሰምቼአቸው የማላውቃቸው ድርጅቶች «ለጋዜጣችን ስለተመዘገቡ እናመሰግናለን» ይላሉ፤ በማላነባቸው ቋንቋዎች የተጻፉም ነበሩባቸው። አንዱን ሳጠፋ ሦስት ይገባል። የቆሻሻ ማጣሪያው የተበላሸ መስሎኝ አንድ ሰዓት ሙሉ በጅምላ እየመረጥኩ ስሰርዝ ቆየሁ። ኋላ ላይ እንደተረዳሁት ይህ ጎርፍ ታስቦበት የሚለቀቅ ነው፤ ዓላማውም በመሃሉ ያለውን አንድ መልዕክት መሸሸግ ነው። በእኔ ላይ የተሸሸጉት ሁለት ነበሩ፦ አንዱ «የይለፍ ቃልዎ ተቀይሯል» የሚል፣ ሌላው «ትእዛዝዎን ተቀብለናል» የሚል፤ ሁለቱም ከአንድ መደብር። ከሰረዝኳቸው መካከል ነበሩና ያገኘኋቸው ከቆሻሻ ቅርጫቱ ነው። የትእዛዝ ዝርዝሬን ስመለከት ምንም የለም፤ ሌባው ትእዛዙን ከዋናው ዝርዝር አንሥቶ ወደ መዝገብ (ትእዛዞች ከዋናው ዝርዝር ተለይተው ወደሚቀመጡበት ክፍል) አዛውሮት ነበር። እንደ ዕድል ዕቃው ገና ስላልተላከ መደብሩ ሰረዘልኝ።

ስለዚህ ያልተጠየቀ የመቀየሪያ ኢሜይል በመጣ ቁጥር ሳጥኔን የማየው በመፈለጊያው ነው፤ የመደብሩን ስም ጽፌ፣ የቆሻሻ መልዕክት አቃፊውንና ቅርጫቱን ጨምሬ። «መቀየር ተጠይቋል» እና «ተቀይሯል» በሚሉት መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ሰው በሩን እያንኳኳ መሆኑን ይነግርዎታል፤ ሁለተኛው ግን ገብቷል ማለት ነው። እርስዎ የዘረዘሯቸው ሁለቱም የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው፤ ሁለተኛው ዓይነት በሳጥንዎ ውስጥ አለመኖሩን ግን ፈልገው ያረጋግጡ።

ችላ ማለትን የማልወደው በሌላም ምክንያት ነው። አንዳንድ ጊዜ መደብሩ ራሱ ተሰርቆ የደንበኞቹን የይለፍ ቃል በሙሉ ያስቀይራል። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ዛፖስ የተባለው የጫማ መደብር 24 ሚሊዮን የሚሆኑ ደንበኞቹ መረጃ መነካቱን ሲያስታውቅ ነባሮቹን የይለፍ ቃሎች ከጥቅም ውጭ አድርጎ ሁሉም እንዲቀይሩ ኢሜይል ልኳል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ደግሞ ኢቤይ 145 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ተጠቃሚዎቹ የይለፍ ቃላቸውን እንዲለውጡ ጠይቋል። በእነዚያ ቀናት «ያልጠየቅሁት ነውና አጭበርባሪ ነው» ብሎ የተወ ሰው የተሳሳተ ውሳኔ ወስኗል። አጭበርባሪዎችም እንዲህ ያለውን ዜና አይተው ተመሳሳይ ኢሜይል መበተናቸው የተለመደ ስለሆነ ሊንኩን የተጫነውም ከእርሱ የተሻለ አላደረገም። በዚህ ላይ ከየሌሊት ተረኛ ጋር እስማማለሁ፤ በአፑ ገብቶ ማየት ለሁለቱም ሁኔታ ይሠራል።

ብራና

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ስልኩ ጥሪ የተጻፈውን ሳነብ በእውነት ደነገጥሁ፤ ቁጥሩን ብጠየቅ ኖሮ ሳላመነታ አነብለት ነበር፤ ሰውየው እጅግ ትሑት ነበርና።

ዛሬ በአፑ ገብቼ አየሁ። በመልዕክት ማዕከሉ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ኢሜይሎች በተላኩበት ሰዓት ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ሦስተኛው የለም። የትእዛዝ ዝርዝሩን መዝገብ ውስጥ የገባውን ጨምሬ ፈተሽኩ፤ የመላኪያ አድራሻዎቹንም አየሁ፤ የማላውቀው ነገር አላገኘሁም። በሳጥኔ ውስጥም «ተቀይሯል» የሚል መልዕክት የለም።

ሁለት ነገሮች ግን ይቀሩኛል። አንደኛ፣ የዚህ መደብር የይለፍ ቃሌ ከብዙ ዓመታት በፊት በሁለት ሌሎች ድረ ገጾች ላይ የተጠቀምኩበት ነው፤ መጥፎ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ፣ አትቆጡኝ። ሁለተኛ፣ ለወደፊቱ ይህን መሰል ኢሜይል በመጣ ቁጥር የይለፍ ቃሌን መቀየር አለብኝ ወይ?

ዕንቁ

ቁጣ የለም፤ ይህን ያላደረገ ሰው ብዙ አላውቅም። ቢሆንም ዛሬውኑ ይቀይሩት፤ ከሁለቱ ድረ ገጾች አንዱ መረጃው ከወጣ፣ ሌቦች ኢሜይልዎንና ያንን የይለፍ ቃል አጣምረው በመቶዎች በሚቆጠሩ መደብሮች ላይ በፕሮግራም ይሞክሩታል። የተሰረቀ የይለፍ ቃል ጊዜ አልፎበታል አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክዲን 6.5 ሚሊዮን የይለፍ ቃሎች ወጡ ተብሎ ነገሩ የተዘጋ መስሎ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ከዚያው ስርቆት የተገኙ 117 ሚሊዮን ኢሜይሎችና የይለፍ ቃሎች ለሽያጭ ቀረቡ። ትሮይ ሀንት የተባለው አውስትራሊያዊ የደኅንነት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተው «ሃቭ አይ ቢን ፖንድ» የተሰኘ ድረ ገጽ አለ፤ ኢሜይልዎን ብቻ ሲያስገቡ በየትኞቹ የታወቁ ስርቆቶች ውስጥ እንዳለ ይነግርዎታል። የይለፍ ቃልዎን ለዚህ አይጠይቅዎትም።

ለሁለተኛው ጥያቄ መልሴ «አይ» ነው፤ አንዳንዶች በዚህ እንደማይስማሙ ባውቅም። የይለፍ ቃሉ ረጅም ከሆነና ሌላ ቦታ ካልዋለ፣ ሰው መቀየሪያ ስለጠየቀ ብቻ ምንም አልተዳከመም። በየጊዜው ሲቀይር የሚኖር ሰው መጨረሻ ላይ የድሮውን ይዞ ቁጥር ወደ መጨመር ይሄዳል፤ የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስትም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ የተሰረቀ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ሳይኖር ሰዎችን በየጊዜው ማስቀየር እንዲቀር መክሯል። ደግሞም አጭበርባሪው የሚፈልገው እንዲቸኩሉ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ከመቀየር ይልቅ የይለፍ ቃል ማኔጀር (የይለፍ ቃሎችን አመንጭቶ የሚያስቀምጥና በመግቢያው ሳጥን የሚሞላ ፕሮግራም) ይጠቀሙ። ሰው ስለ እርሱ ሲያወራ «ማስታወስ ያስቀራል» ይላል፤ እኔ ግን የምወድለት ሌላ ባሕርይ አለው። የይለፍ ቃሉን የሚያስቀምጠው ከዶሜይኑ ጋር አያይዞ ስለሆነ በሌላ ዶሜይን ላይ አይሞላም። የሌሊት ተረኛ ያነሡት የሲሪሊክ ፊደል የሰውን ዓይን ያታልላል፤ ማኔጀሩን ግን አያታልለውም። ባለፈው ዓመት ከአንድ መደብር በመጣ ኢሜይል በኩል ገብቼ (አዎ፣ እኔም እገባለሁ) የመግቢያው ሳጥን ባዶ ሆኖ ቀረ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ» ብዬ በእጄ ለመገልበጥ ማኔጀሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው ቆም ብዬ አድራሻውን ያነበብኩት፤ በመደብሩ ስም ውስጥ አንድ «ል» ተደግማ ነበር። ሳጥኑ በራሱ አልሞላ ሲል መነሣት ያለበት ጥርጣሬ ነው፤ መነሣት የሌለበት ደግሞ ብስጭት ነው።

ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ቁጥር የሚጠይቀውን ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ያብሩ፤ አፕ ላይ የሚወጣው ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልዕክት ከሚመጣው ይሻላል፤ ስልክ ቁጥርን ወደ ሌላ ሲም የሚያዛውሩ አጭበርባሪዎች አሉና። ያም ሆኖ የውሸት ገጽ ላይ ከጻፉት ሌባው ቁጥሩን በዚያው ደቂቃ ወደ እውነተኛው ገጽ ሊያስተላልፈው ይችላል። መደብሩ የይለፍ ቁልፍ የሚባለውን፣ በጣት አሻራ ወይም በስልኩ መክፈቻ የሚሠራውን መግቢያ ከሰጠ ያንን ይምረጡ፤ ከዶሜይኑ ጋር የታሰረ ስለሆነ በስልክ የሚነበብም፣ ለውሸት ገጽ የሚሰጥም ነገር የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ የዚህ ሁሉ ሥር የኢሜይል ሳጥንዎ ነው። የመደብሩም፣ የሌላውም መቀየሪያ የሚመጣው ወደዚያ ነው። ኢሜይልዎን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ደንብ አለመኖሩን፣ ከመደብር የመጣውን መልዕክት ወደ ቅርጫት የሚወረውር ማጣሪያ አለመኖሩን፣ በየትኞቹ መሣሪያዎች ላይ ክፍት እንደሆነና የመልሶ ማግኛ ኢሜይሉና ስልኩ የማን እንደሆኑ ይመልከቱ።

ብራና

ያላችሁትን ሁሉ ሁለት ቀን ወስጄ አደረግሁ። የማስተላለፊያ ደንብም ሆነ እንግዳ ማጣሪያ አልነበረም። የመልሶ ማግኛ ኢሜይሉን ስከፍት ግን ከስድስት ዓመት በፊት የለቀቅሁት መሥሪያ ቤት የሰጠኝ አድራሻ ሆኖ አገኘሁት። አሁን ማን እንደሚያነበው አላውቅም። መደብሩ በራፉ ከሆነ ይህኛው የጓሮ በር ነበር፤ እኔ በራፉ ላይ ሆኜ ስጨነቅ የጓሮው ለስድስት ዓመት ገርበብ ብሎ ከርሟል። አነሣሁት፤ በምትኩ የራሴን አስገባሁ። የመደብሩን የይለፍ ቃል ማኔጀሩ ባመነጨልኝ ተካሁ፣ በሁሉም መሣሪያዎች ላይ አስወጣሁ፣ የባንክ ካርዴንም ከአካውንቱ ሰረዝኩት፤ በገዛሁ ቁጥር መጻፍ የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው።

ዛሬ ጠዋት አራተኛው ኢሜይል መጣ፤ ያው ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ ጠራ፤ ድምፁ ያው ነው፣ ትሕትናውም ያው ነው። በዚህኛው ጊዜ ባትሪው ሙሉ ስለነበር እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። «ሙከራውን እንድሰርዝልዎ በኢሜይል የደረሰዎትን ቁጥር ቢነግሩኝ» አለ። ስልኩን ልዝጋና በአፑ ውስጥ ባለው የእርዳታ ክፍል በኩል እኔው ራሴ ላናግራችሁ አልኩት። ምንም ሳይመልስ ዘጋው። በአፑ ቻት የጠየቅሁት የመደብሩ ሠራተኛ በዚህ ሳምንት ከእነርሱ ወደ እኔ የተደወለ ጥሪ እንደሌለ ነገረኝ፤ የደወለልኝን ቁጥርና የሦስተኛውን ኢሜይል ኦሪጅናል እንድልክለት ጠይቆኝ ልኬለታለሁ።